የትልልቅ መሠረተ ልማት ፕሮጀክቶችን የፕላን ፈቃድ ለማፋጠን፦ ደረጃ በደረጃ

የአውራ ጎዳና፣ የባቡር መስመር፣ የግድብ ወይም የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ፈቃድ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ነው። «ፋይሉ ላይ ተኝተውበታል» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጊዜው የተበላው ማመልከቻው ቢሮው ከመድረሱ በፊት ነው።

ከለንደን በስተምሥራቅ የቴምዝን ወንዝ በዋሻ የሚያቋርጠውን ሎወር ቴምዝ ክሮሲንግ የተባለ መንገድ እንይ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርዝመቱ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስመሩ የተመረጠው በ2017 ነው። ማመልከቻው በ2020 ገባና ወር ሳይሞላው ተመልሶ ወጣ። እንደገና የገባው በኦክቶበር 2022 ሲሆን፣ ፈቃዱ የተሰጠው በማርች 2025 ነው። በእንግሊዝ ሕግ ለምርመራው 6 ወር፣ ለመርማሪዎቹ ሪፖርት 3 ወር፣ ለሚኒስትሩ ውሳኔ 3 ወር ተመድቧል። የዚህ መንገድ ውሳኔ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ያም ሆኖ ትልቁ ጊዜ ያለቀው ከማመልከቻው በፊት ነው። የቀረበው ሰነድ ከ350,000 ገጽ በላይ ነበር። ማን አንብቦ እንደሚጨርሰው እንጃ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በፊተኛው ክፍል ላይ ነው። የተጻፈውም ለሁለት ወገን ነው፤ ለፕሮጀክቱ ባለቤትና ለፈቃድ ሰጪው። አንዱ ብቻውን ሊያፋጥነው አይችልም።

1. ጊዜው የት እንደሚጠፋ እወቁ

በቅርቡ ያለቁ ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ፕሮጀክቶችን ፋይል አስወጡ። ደብዳቤዎቹን በቀናቸው ደርድሩ። መቼ ተላከ? መዝገብ ቤት መቼ ገባ? ባለሙያው እጅ መቼ ደረሰ? መልሱ መቼ ተፈረመ? ከዚያ ቀኖቹን በሦስት ቀለም ለዩ። አመልካቹ እየሠራ የነበረበትን አረንጓዴ፣ ባለሙያው እየመረመረ የነበረበትን ሰማያዊ፣ ማንም ሳይነካው የቆየበትን ቀይ ቀቡት።

ቀዩ ከበዛ አዲስ ሕግ አያስፈልጋችሁም። ኃላፊው መስክ በወጣ ቁጥር ፋይል የሚቆም ከሆነ የሚፈታው በውክልና ነው። ቴክኒክ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ የሚበተን ከሆነ ቋሚ የስብሰባ ቀንና ተለዋጭ አባል መድቡ። ሰማያዊው ከበዛ ባለሙያ አንሷል ማለት ነው። አረንጓዴው ከበዛ ደግሞ ጥናቱ ዘግይቶ ተጀምሯል፤ ወይም ዲዛይኑ በየጊዜው እየተቀየረ ነው። ለሦስቱ መድኃኒቱ የተለያየ ነው። ሳይለኩ «ሕጉ ይሻሻል» ማለት የተለመደ ነው፣ ግን ብዙም አያዋጣም።

ቀጥሎ የፈቃዶቹን ዝርዝር አውጡ። «የፕላን ፈቃድ» በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ሥሩ ብዙ ነው። አንድ ድልድይ ብቻ እንኳ ብትወስዱ ወንዙን ለመንካት፣ ድንጋይ ከካባ ለማውጣት፣ ለሠራተኞች ካምፕ፣ ከሥሩ የሚያልፈውን የውኃ ቧንቧ ለማዛወር፣ ከላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ለማንሳት፣ አካባቢው ላይ ቅርስ ካለ ደግሞ ለቁፋሮው ለየብቻ ፈቃድ ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ አምስት ነገር ጻፉ፤ ማን እንደሚሰጠው፣ ምን ሰነድ እንደሚፈልግ፣ ከየትኛው ፈቃድ በኋላ እንደሚመጣ፣ ሕጉ ስንት ቀን እንደሚሰጠውና በተግባር ስንት ቀን እንደወሰደ።

«ከየትኛው ፈቃድ በኋላ» የሚለው ዓምድ ላይ ቆም በሉ። ለእያንዳንዱ «ይህ ሕግ ነው ወይስ ልማድ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ መሥሪያ ቤት «መጀመሪያ የዚያኛውን ደብዳቤ አምጡ» ሲል ይህን የሚያዝ አንቀጽ የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው። ልማድ ሆኖ የተገኘውን ሁሉ ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ወራት የሚገኙት ከዚህ ነው።

2. «ፕሮጀክቱ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ቀድማችሁ ዝጉ

ይህ ጥያቄ በፖሊሲ ደረጃ ካልተመለሰ በየመድረኩ እንደ አዲስ ይነሳል። የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ 5ኛ ተርሚናል የታወቀ ምሳሌ ነው። ሕዝባዊ ምርመራው ከ1995 እስከ 1999 ድረስ ለ524 ቀናት ተቀመጠ። ፈቃዱ በ2001 መጣ፤ ተርሚናሉ በ2008 ተከፈተ። እንግሊዝም በዚያው በ2008 ሕጓን ለወጠች። አገሪቱ መንገድ፣ ኃይል ወይም ወደብ ያስፈልጋታል ወይ የሚለው በብሔራዊ የፖሊሲ መግለጫ ይወሰናል። የእያንዳንዱ ፕሮጀክት ምርመራ ደግሞ በቦታው፣ በዲዛይኑና በጉዳቱ ላይ እንዲያተኩር ተደረገ።

ዴንማርክ በሌላ መንገድ ሄዳለች። ትልልቅ ፕሮጀክቶቿን ፓርላማው ራሱ በሕግ ያጸድቃል። ከጀርመን ጋር የሚያገናኛት የ18 ኪሎ ሜትሩ የፌማርንቤልት ዋሻ በዴንማርክ በኩል በ2015 ጸደቀ። በጀርመን በኩል የተለመደው የፕላን ሂደት ከ12,000 በላይ ተቃውሞ አስተናግዶ በ2019 መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ክሱ ደግሞ እስከ ኖቬምበር 2020 ቆየ። ዋሻው ያው አንድ ነው፤ የሁለቱ አገሮች ቀን ግን በዓመታት ተለያየ።

የፖሊሲ ሰነድ ሲያረጅ ግን መልሶ ራስ ምታት ይሆናል። የእንግሊዝ የኃይል ፖሊሲ መግለጫዎች በ2011 ወጥተው እስኪታደሱ 2024 ደረሰ። የ2011ዱ ሰነድ የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎችን አይሸፍንም ነበር። ስለዚህ ሰነዱን ስታጸድቁ የሚከለስበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ።

3. ጥናቱን ከወቅቶች ጋር አስኪዱ

የአካባቢና ማኅበራዊ ተፅዕኖ ግምገማ በገንዘብም በስብሰባም የማይፈጥንበት አንድ ምክንያት አለ፤ ተፈጥሮ የራሷ ሰሌዳ አላት። የወፎች ፍልሰት በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። የወንዝ ፍሰት በዝናብም በበጋም መለካት አለበት። ዓሣ የሚራባበት ወቅት ካለፈ ያለው አማራጭ ዓመቱ ዞሮ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። አማካሪው የተቀጠረው ዝናቡ ካቆመ በሁለተኛው ሳምንት ከሆነ አንድ ዓመት ተቃጠለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኪሳራ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከግዢ ሂደቱ ነው። የአማካሪው ጨረታ ሁለት ወር ሲዘገይ ማንም አይደነግጥም፤ ውጤቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ስለሆነ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጥናቱን የወቅት ካሌንደር መጀመሪያ ሥሩ፤ የጨረታውን ቀን ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አስቀምጡ። መስመሩ እስኪቆረጥም አትጠብቁ። ሰፋ ያለ ኮሪደር ይዛችሁ የመስክ ልኬቱን ጀምሩ። የማይጠቅም መሬት ላይ የተወሰነ ገንዘብ ይባክናል፤ አንድ ዓመት ከማጣት ግን ይሻላል። ቀደም ሲል ሌላ ፕሮጀክት እዚያው አካባቢ ያስጠናው መረጃ ካለም ጠይቁ። በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበ የመስክ መረጃ የአንድ አማካሪ መሳቢያ ውስጥ መቅረት የለበትም።

ከዚያ የጥናቱን ወሰን አጥብቡ። ፈቃድ ሰጪው፣ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤትና የፕሮጀክቱ ባለቤት አንድ ላይ ተቀምጠው ሦስት ነገር ይፈርሙ፤ በጥልቀት የሚጠናው ምንድነው? በአጭሩ የሚታለፈው ምንድነው? ጨርሶ የማይነካውስ? የመጨረሻው ላይ «ለምን?» የሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ይህ የሌለበት ጥናት ይወፍራል። አማካሪው ይፈራል፤ ሁሉንም ነገር ያጭቃል።

አሜሪካ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕጓ ከ1970 ጀምሮ ይሠራል። የዋይት ሐውስ የአካባቢ ምክር ቤት ከ2010 እስከ 2018 የወጡትን ሲያጠና ሙሉ ግምገማ በአማካይ 4 ዓመት ተኩል ይወስድ ነበር። ሰነዱም በአማካይ ከ600 ገጽ በላይ ነበር። በ2023 የወጣው ሕግ ጊዜውን በ2 ዓመት፣ ገጹን በ150 ገደበ፤ በጣም ውስብስብ ለሆነ ጉዳይ 300 ገጽ ይፈቀዳል። አባሪ ግን አይቆጠርም። እዚህ ላይ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ጽሑፉ ወደ አባሪ ከተዛወረ ሥራው ያው ነው። የገጽ ገደብ የሚጠቅመው የጥናቱ ወሰን አስቀድሞ ከጠበበ ብቻ ነው።

4. አንድ መሪ ቢሮ፣ አንድ ሰሌዳ

ስምንት መሥሪያ ቤት በየራሱ ደብዳቤ ከጻፈላችሁ አንዱ «አጥሩን አስፉ» ይላል፣ ሌላው «መሬቱን ቀንሱ» ይላል። ሁለቱን ማስታረቅ የአመልካቹ ሥራ አይደለም። መሪ የሆነ ቢሮ ይሰየም። ሌሎቹ አስተያየታቸውን ለእሱ ይስጡ። እሱ አስታርቆ በአንድ ደብዳቤ ያውጣ። የአሜሪካው የ2023 ሕግም መሪ መሥሪያ ቤት እንዲኖርና አንድ የጋራ ሰነድ እንዲዘጋጅ ያዛል።

ሰሌዳው ላይ የቢሮ ስም ብቻ አትጻፉ፤ የሰው ስም ይኑር። «የውኃ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ 30 ቀን» ማንንም አያስጨንቅም። የባለሙያው ስም፣ የተተኪው ስምና ቀኑ ሲጻፍ ነገሩ ይለወጣል። ቀኑ ሲያልፍ ጉዳዩ ወደ ማን እንደሚያድግም አስቀድሞ ይታወቅ። ማብራሪያ መጠየቅም ወሰን ይኑረው። አንድ ጊዜ፣ ሁሉንም ጥያቄ በአንድ ላይ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ጥያቄ እየላኩ ማመላለስ ሰዓቱን በዘዴ ማቆም ነው።

«በቀኑ ካልመለሰ እንደተስማማ ይቆጠራል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሳል። በጥንቃቄ ያዙት። የአውሮፓ ኅብረት የ2023ቱ የታዳሽ ኃይል መመሪያ በተለዩ የማፋጠኛ ቀጣናዎች ውስጥ ይህን ለመካከለኛ ደረጃዎች ፈቅዷል፤ ለመጨረሻው ውሳኔ ግን አልፈቀደም። ልክ ነው። ማንም ያላነበበው ፋይል ፈቃድ ቢሆን ፍርድ ቤት ላይ አይቆምም።

ባለሙያ ካነሰ ደግሞ ሰሌዳ ብቻውን ምንም አያደርግም። አንዳንድ አገሮች አመልካቹ የምርመራውን ወጪ በክፍያ እንዲሸፍን ያደርጋሉ። ይቻላል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ቢሮው መግባት አለበት። መርማሪውን አመልካቹ መርጦ ሲከፍለው ነገሩ ይበላሻል።

5. ሕዝቡን አማራጭ ክፍት እያለ አነጋግሩ

የሕዝብ ምክክር ጊዜ ይበላል የሚል እምነት አለ። ኬንያ ላሙ ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። 1,050 ሜጋ ዋት ለሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ በ2016 የአካባቢ ፈቃድ ተሰጠ። በጁን 2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የአካባቢ ጉዳዮች ችሎት ፈቃዱን ሰረዘው። አንዱ ዋና ምክንያት የሕዝብ ተሳትፎው በቂ አለመሆኑ ነበር። ጥቂት ወራት ለማትረፍ የተዘለለ ነገር ዓመታት በላ።

ታዲያ እንዴት ይደረግ? መጀመሪያ፣ መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ አትሂዱ። ሰው ይገባዋል። «አስተያየታችሁን ልንሰማ መጣን» ብላችሁ ያለቀለትን ካርታ ግድግዳ ላይ ስትለጥፉ አዳራሹ ወዲያው ይጋጋላል። ሁለትና ሦስት አማራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ እያንዳንዱ የሚነካውን ቤት፣ እርሻና መቃብር በሚታይ ካርታ አሳዩ።

ሁለተኛ፣ የአስተያየት መዝገብ ይኑራችሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ነዋሪዎች ድጋፋቸውን ገልጸዋል» ተብሎ ከተዘጋ ምንም አልተመዘገበም። አንድ መስመር ይህን መምሰል አለበት፦ «ከብት አርቢዎች፤ የባቡር ሐዲዱ ወደ ወንዙ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋብናል አሉ፤ በዚያ ቦታ የከብት መሿለኪያ ተጨመረ፤ በዲዛይኑ ሉህ ላይ ታይቷል፤ ለተወካዮቹ ተመልሶ ተነግሯል።» ያልተቀበላችሁትም ይመዝገብ፤ ከነምክንያቱ። ይህ መዝገብ በኋላ ችሎት ፊት ከየትኛውም ማስረጃ በላይ ይሠራል።

ሦስተኛው ወሰን ማስከበር፣ ማለትም ለግንባታው የሚፈለገውን መሬት ነፃ ማድረግ ነው። የካሳ ተመኑና የተነሺዎቹ ዝርዝር የሚቆረጥበት ቀን ቀድሞ በይፋ ይነገር። ካሳው ሳይከፈል ዶዘር አይግባ። ፈቃድ እጃችሁ ላይ ሆኖ ማሽኑ በአንድ ሰው ማሳ ጫፍ ሲቆም በቀን የሚቆጠርባችሁ የተቋራጭ ክፍያ ከካሳው ይበልጣል።

6. የማይመለስ ፋይል አስገቡ

ከማስገባታችሁ በፊት ሙሉውን ረቂቅ ለፈቃድ ሰጪው አሳዩ። የጎደለውን በዝርዝር ይንገራችሁ። በሎወር ቴምዝ ላይ እንደታየው፣ ገብቶ የተመለሰ ማመልከቻ ሁለት ዓመት ሊያስከፍል ይችላል።

ገና ያልተወሰነ ዝርዝር ካለ ትልቁንና ትንሹን ወሰን አመልክቱ። ለምሳሌ የትኛው የንፋስ ተርባይን እንደሚገዛ ካልታወቀ ከፍተኛውን ቁመትና ብዛት አስቀምጡ፤ ጉዳቱን በከፋው ሁኔታ ገምግሙ። በኋላ አነስ ያለ ሲገዛ ፈቃዱን እንደገና መክፈት አይኖርም። ይህ በእንግሊዝ የባሕር ላይ ንፋስ ፕሮጀክቶች የተለመደ አሠራር ነው። ወሰኑን ከመጠን በላይ ካሰፋችሁት ግን የሚያስፈራው ጉዳትም አብሮ ይሰፋል።

የፈቃዱን ግዴታዎች ረቂቅም ራሳችሁ ጽፋችሁ አቅርቡ። መርማሪው ከባዶ ወረቀት ከሚጀምር የእናንተን ቢያርም ይፈጥናል።

7. ውሳኔው ክስ እንዲቋቋም አድርጉ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስቶንሄንጅ በተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ቅርስ አጠገብ እንዲያልፍ የታቀደው የእንግሊዝ ዋሻ መንገድ በኖቬምበር 2020 ተፈቀደ። በጁላይ 2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሻረው። ሚኒስትሩ በእያንዳንዱ ቅርስ ላይ የሚደርሰውን ጉዳትና ሌሎች አማራጮችን በሚገባ አላመዛዘኑም ተባለ። በጁላይ 2023 እንደገና ተፈቀደ። በጁላይ 2024 ፕሮጀክቱ ራሱ ተሰረዘ።

ኔዘርላንድስ ላይ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ተፈጥሮን የሚጎዳውን የናይትሮጅን ብክለት ወደፊት እንቀንሳለን በሚል ተስፋ ፈቃድ የሚሰጥ ሥርዓት ነበራት። ሜይ 2019 ላይ ከፍተኛው የአስተዳደር ችሎት «ገና ባልተገኘ ጥቅም ዛሬ ፈቃድ አይሰጥም» በሚል ይዘት ሥርዓቱን ሻረው። በአንድ ፍርድ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች እክል ገጠማቸው።

ስለዚህ ውሳኔው ከመፈረሙ በፊት ፕሮጀክቱን የማያውቅ የሕግ ባለሙያ እንደ ከሳሽ ሆኖ ያንብበው። አማራጮች ለምን ውድቅ ሆኑ? የእያንዳንዱ ጉዳት መልስ የት ገጽ ላይ ነው? ካላገኘው ከሳሹም አያገኘውም፤ ዳኛውም።

ሕግ ማውጣት የሚችሉ ሰዎች ደግሞ የክሱን ሂደት ማሳጠር ይችላሉ፤ ክሱን ሳይከለክሉ። እንግሊዝ ውስጥ በእነዚህ ትልልቅ ፈቃዶች ላይ ክስ መመሥረቻው 6 ሳምንት ነው። ጀርመን ውስጥ በሕግ ለተዘረዘሩ የትራንስፖርትና የኃይል ፕሮጀክቶች ክሱ የሚታየው በቀጥታ በፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው፤ የመጀመሪያም የመጨረሻም እሱ ነው።

8. ልዩ ሕግ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን

በ2022 የሩሲያ ጋዝ ይቋረጣል ተብሎ ሲሰጋ ጀርመን ለፈሳሽ ጋዝ ማራገፊያዎች የማፋጠኛ ሕግ አወጣች፤ ጁን 1 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ማራገፊያ በዊልሄልምስሃፈን ወደብ ዲሴምበር 17 ቀን ተመረቀ። ሁሉም ይህን እየጠቀሰ «ከተፈለገ ይቻላል» ይላል። ምን እንደተደረገ ግን ልብ በሉ። ሕጉ ፕሮጀክቶቹን በስም ዘረዘረ። የአስተያየት ጊዜ አጠረ። በተወሰነ ሁኔታ የአካባቢ ግምገማው ቀረ። ማራገፊያውም ተንሳፋፊ መርከብ ነበር፤ በተከራዩት መርከብ ተጀመረ እንጂ ከመሠረቱ የተገነባ ፋብሪካ አልነበረም። ይህን ለአንድ ባቡር መስመር መገልበጥ አይቻልም። ልዩ ዝርዝር ካስፈለገ አጭር ይሁን፤ የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። ሁሉም ፕሮጀክት አስቸኳይ ከተባለ መርማሪዎቹ ያው ስለሆኑ ወረፋውም ያው ነው።

9. ከፊርማው በኋላ

የምረቃ ሪባን ከመግዛታችሁ በፊት የፈቃዱን ግዴታዎች ቁጠሩ። የእንግሊዙ ፈጣን ባቡር ኤችኤስቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በፓርላማ ሕግ የጸደቀው በ2017 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ከ8,000 በላይ ተጨማሪ ፈቃድና ስምምነት አስፈልጎታል። ለሌሊት ወፎች መጠበቂያ የተሠራው መከለያ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጪ ተነግሮለታል።

ግዴታዎቹን በግንባታው ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ዶዘር ከመግባቱ በፊት፣ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብላችሁ ለዩ። ለእያንዳንዱ ባለቤት መድቡ። ፈቃዱን ያዘጋጀው ቡድን ወዲያው ከተበተነ አዲሱ ተቋራጭ እያንዳንዱን ግዴታ ከዜሮ ይማራል። ቢያንስ ሁለት ሰው ከቡድኑ ወደ ግንባታው ይሻገር፤ ይህም ውሉ ውስጥ ይግባ።